በስሟ የመጣው ካፖርት

ካፖርቱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ገበሩን ከብብቱ ጀምራ መተርተር ይዛለች። የፋብሪካው ምልክት ገና ከእጅጌው አልተበጠሰም፤ እሷ ግን ምላጩን በስፌቱ መሀል እየሰደደች ክሩን ጠቅ ጠቅ ታደርገዋለች። ስፒሎቹን በከንፈሯ ነክሳለች።

"አንቺ! አብደሻል እንዴ?" ጎረቤቷ ነች፤ እንደ ልማዷ ሳታንኳኳ በሩን ገፍታ ገብታ። "በእንዲህ ያለ ካፖርት ላይ ምላጭ ይነሳል?"

"ሰፋኝ" አለች ልብስ ሰፊዋ በስፒሎቹ መሀል።

"ይስፋሻ! ከውስጥ ሹራብ ትደርቢበታለሽ።"

"ልጄ የላከልኝን ካፖርት እንደ ጆንያ ልጎተትበት? ይልቅ ያንን ጠመኔ አቀብዪኝ።"

ጎረቤቷ ጠመኔውን አቀበለቻትና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ልጄ የላከልኝ" የሚል ወሬ ቆማ የምትሰማ ሴት አይደለችም።

በሕንፃው ውስጥ ልብስ ሰፊዋን በስሟ የሚጠራት የለም። ሜትሩ ከአንገቷ ስለማይወርድ ትልቁም ትንሹም "እትዬ ሜትር" ይላታል፤ ስትተኛ እንኳ አውልቃው እንደሆነ እርግጠኛ የሆነ ሰው የለም። ጎረቤቷን ደግሞ "ማስታወቂያ" ይሏታል። ይሄኛው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

"እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ" አለች ማስታወቂያ። "ማን አመጣው?"

"እቃ አድራሹ፣ ያ ሞተሩን ደረጃው ሥር የሚያቆመው። 'ይሄ ስም የእርስዎ ነው?' አለኝ። የኔ ነው አልኩት። 'እንግዲያው ይፈርሙ።' የላኪው ስምስ ብዬ ብጠይቀው 'እትዬ፣ እኔ እቃ አድራሽ እንጂ ጠንቋይ አይደለሁም' ብሎኝ እብስ አለ።"

"ታዲያ ልጅሽ መሆኑን በምን አወቅሽ?"

ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። "ሌላ ማን አለኝ?"

ማስታወቂያ የወደቀ ክር ከወለሉ አንስታ በጣቷ ጠቀለለች። 

አንድ ያላት ልጇ በሌላ ከተማ ሊፍት ይጠግናል። የሄደ ሰሞን በየሳምንቱ ይደውል ነበር፤ ቀጥሎ በወር አንዴ፤ ቀጥሎ እሷ ስትደውል ብቻ ሆነ። ስትደውልም "ሊፍት ውስጥ ነኝ እማዬ፣ እደውላለሁ" ነው። እሷም ለጠየቃት ሁሉ "የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ኔትወርክ የለም" እያለች ታስረዳለች፤ ከማስረዳቷ ብዛት የሊፍት ኩባንያ የቀጠራት ትመስላለች። አንድ ጊዜ ማስታወቂያ "ያ ከተማ ሊፍት ብቻ ነው እንዴ፣ ቤት የለውም?" ብላት ለጥቂት ቀን ተኮራርፈው ነበር።

"አየሽው?" አለች ልብስ ሰፊዋ የካፖርቱን ትከሻ ዘርግታ እያሳየች። "እሱ ሲሄድ እንዲህ ነበርኩ። ይሄ ክንዴ፣ ይሄ ዳሌዬ። ከዚያ ወዲህ መክሳቴን በምን ያውቃል? ያኔ ለተዋት እናቱ ነው የገዛው።"

ይህን ያለችው እየሳቀች ነው። ጠመኔው ግን ጨርቁ ላይ ትንሽ ቆመ።

ከዚያ መቀሱን አነሳች። መተርተር ለልብስ ሰፊ ምንም ማለት አይደለም፤ የተረተሩት መልሶ ይሰፋል። የቆረጡት ግን አይመለስም። እሷም ከሁለቱም ጎን፣ ከሁለቱም እጅጌ፣ ከወገቡም ቆረጠች፤ ቁራጮቹ እግሯ ሥር እንደ ጥብጣብ ተከመሩ። ከሰዓት በኋላ ስትለብሰው ማስታወቂያ ዙሪያዋን ዞራ አየቻትና "ውይ አንቺ! ቆዳሽ መሰለ እኮ!" አለች። ከማስታወቂያ አፍ እንዲህ ያለ ቃል በነፃ አይወጣም።

"በይ ደውዪና አመስግኚው።"

"ሥራ ላይ ይሆናል።"

"ሊፍት ውስጥ ነው በይኛ! ደውዪ ነው የምልሽ።"

ደወለች። ከወዲያ በኩል አንዳች ነገር ብረት ይበሳል።

"እማዬ! ሥራ ላይ ነኝ!"

"አውቃለሁ፣ አልቆይም! ካፖርቱ ደረሰኝ ልጄ!"

"ምን?"

"ካፖርቱ! ደርሶኛል! ምን ልበልህ፣ እድሜህን ያርዝመው፣ የሰው ፊት አያሳይህ፣ እንዳሞቅኸኝ ይሙቅህ!"

ብረት መብሳቱ ቆመ። 

"እ... እሺ እማዬ። ደረሰ? ጥሩ። አሜን።"

አበቃ። ይኸው ነው የተባባሉት። ግን የዚያው ሳምንት እሁድ ጠዋት፣ እሷ ሳትደውል፣ ስልኩ ጮኸ። እሱ ነው። "ዝም ብዬ ነው እማዬ፣ እንዴት ነሽ ልበልሽ ብዬ" አለ። በሚቀጥለውም እሁድ ደወለ። ወሬያቸው ረጅም አይደለም፤ ብርዱ፣ ጤናው፣ "ካፖርቱ ሞቀሽ?"፣ "ሞቀኝ፣ ተባረክ"። እሷ ግን ከቅዳሜ ጀምራ ስልኩን ቻርጅ ታደርጋለች፤ እሁድ ጠዋት የስፌት ማሽኑን አታስነሳም። የማሽኑ ድምፅ የስልኩን ጥሪ ይውጠው ይሆናል ብላ።

ከዚያ ሁለተኛው ካርቶን መጣ። ውስጡ ጆሮ የሚሸፍን ትልቅ ማዳመጫ ነበር፣ ወጣቶቹ መንገድ ላይ አድርገውት መኪና የሚገጫቸው ዓይነት። ልብስ ሰፊዋ ገልብጣ ገላብጣ አየችውና ምክንያቱን ራሷ አገኘችለት፤ "የማሽኑ ጩኸት ጆሮዬን እንዳይጎዳው ነው።" አድርጋው ለመስፋት ሞከረች። ምንም ሳይሰማት ሲቀር ቤቱ የባሰ ባዶ ሆነባትና ወደ ካርቶኑ መለሰችው።

ሦስተኛው ካርቶን ነው ጉዱ። የወንድ ጫማ።

ቁጥሩን አየች። የልጇ ቁጥር ነው። ጫማውን በሁለት እጇ እንደያዘች ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አንድ ሰው ጫማውን ቀድሞ ወደ ቤት የሚልከው ለምንድን ነው? ሊመጣ አስቦ ነዋ! ሻንጣ እንዳይከብደው። ሳይነግራት ድንገት በሩ ላይ ሊቆም!

የዚያኑ ቀን የልጇን ክፍል አስለቀቀች። ክፍሉ እሱ ከሄደ ጀምሮ የደንበኞች ልብስ መስቀያ ሆኖ ነበር፤ ያልተወሰዱ ሱሪዎች፣ ዚፕ የሚጠብቁ ጃኬቶች፣ ሰርጉ የተሰረዘባት የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ሳይቀር። ሁሉንም ወደ ራሷ መኝታ አጋዘችና ለመተኛት በሙሽራዋ ቀሚስ ሥር ማጎንበስ ግድ ሆነባት። ጫማውን ቅርጹ እንዳይበላሽ ጋዜጣ ጠቅጥቃበት ከልጇ አልጋ ሥር ጫፉን ወደ በሩ አድርጋ አስቀመጠችው። ማስታወቂያ መጥታ አየች። ከምሳ በፊት ሕንፃው በሙሉ ልጁ እንደሚመጣ አወቀ።

እሁድ ሲደውል አላስቻላትም። ግን ምስጢሩን እንዳታበላሽበት በዘወርዋራ አነሳችው። "ጫማውም ከአልጋው ሥር ተቀምጧል፣ ባለቤቱን እየጠበቀ" አለችው።

ልጁ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጫማ? የ... ወንድ ጫማ?"

"የወንድ ነው እንጂ!"

"እሺ። ጥሩ ነው እማዬ። አንቺን ደስ ካለሽ... እኔም ደስ ይለኛል።"

አፈረ፣ ነቃሁበት፣ አለች በሆዷ፤ ቀኑን ሙሉ ለብቻዋ ፈገግ ስትል ዋለች።

አንድ ሌላ ነገርም በዚያ ሰሞን ሆነ። የማታውቀው ሰው ደውሎ፣ ድምፁ ማር፣ "እናቴ፣ ከእቃ ማድረሻው ነው። በስህተት ወደ እርስዎ የመጣ እቃ አለ፤ ሰው ልኬ ላስወስደው" አላት።

"የምን ስህተት?"

"ማዳመጫውና ጫማው እናቴ። የሌላ ሰው ነው።"

"ስማ አንተ!" አለችው። "በላዩ ላይ ስሜ ተጽፏል። ልጄ ነው የላከልኝ። ልጄ ደግሞ የኔን አድራሻ አይሳሳትም፣ ተወልዶ ያደገበት ነው!"

"እናቴ፣ ካፖርቱን ይያዙት። ጫማውን ብቻ..."

"ጫማውን ነው ጭራሽ! ዓይንህን በጨው አጥበህ! ብትመጣ በካውያ ነው የምቀበልህ!" ብላ ጆሮው ላይ ጠረቀመችበት። ካውያዋ ከሰል ከሚበላበት ዘመን የቀረ ከባድ ብረት ነው፤ ሰውዬው አለመምጣቱ ለራሱ ጥሩ ሆነለት።

ነገሩ የፈነዳው ክርና ቁልፍ ልትገዛ የሄደች ዕለት ነው። ካፖርቱን ለብሳለች። የቁልፍ ሱቁ ባለቤት ካርዷን በማሽኑ አስገባ፣ አወጣ፣ በሸሚዙ ጠረገ፣ እንደገና አስገባ።

"እትዬ ሜትር፣ እምቢ አለ።"

"ማሽንህ ነው።"

"ማሽኔ ደህና ነው። በቂ ሂሳብ የለም ነው የሚለው" አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ቁልፉን ይውሰዱት ግድ የለም፣ በኋላ..."

"አልወስድም" አለች። ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ። ፊቷ ጋለ። ከባንኩ የሚመጣላትን መልእክት ሁሉ የሎተሪ ወሬ እየመሰላት ሳታነብ ነበር የምታጠፋው። ከሱቁ ወጥታ በቀጥታ ወደ ባንኩ ገሰገሰች።

የባንኩ ሠራተኛ ጥፍሯን የተቀባች ወጣት ሴት ናት። ኮምፒውተሩን እያየች "እናቴ፣ ካፖርት ገዝተዋል?" አለቻት።

"አልገዛሁም። ይሄ ነው? ይሄ ተልኮልኝ ነው።"

"ማን ላከልዎት?"

"ልጄ።"

"የተከፈለው ግን ከእርስዎ ካርድ ነው።" ጥፍሯ ቁልፉን ጠቅ አደረገ። "የጆሮ ማዳመጫስ?"

"እሱንም ልጄ ነው።"

"የወንድ ጫማ?"

ልብስ ሰፊዋ የካፖርቷን ቁልፍ ይዛ ታሽከረክራለች።

ሠራተኛዋ ወንበሯን ጠጋ አደረገች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ሥራዋ ነው። "እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልጅዎ የካርድዎን ቁጥር ያውቀዋል?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"አንዳንድ ጊዜ ቤተሰብ..."

"ልጄ ሌባ አይደለም!" ወረፋው በሙሉ ዞሮ አያት። "በሕይወቱ የሰው መርፌ አንስቶ አያውቅም! ከኔ ጋር ያደገ ልጅ ነው፣ በመርፌ መሀል!"

"እሺ፣ እሺ እናቴ፣ ይረጋጉ። እኔም አልልም። ግን ልመዘግብ የምችለው ከሁለት አንዱን ነው። ወይ ልጅዎ በእርስዎ ካርድ ገዝቶ ልኮልዎታል። ወይ ልጅዎ ምንም አልላከም፣ ካርድዎ ተሰርቋል። የትኛው ነው? ከእርስዎ አፍ መስማት አለብኝ።"

የባንኩ የብር መቁጠሪያ ማሽን ፍርርር ብሎ ቆመ። 

"ልጄ" አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነባት። "ልጄ ምንም አልላከልኝም።"

ሠራተኛዋ ጻፈች። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳቻት። ከወራት በፊት በስልኳ በመጣ የሽያጭ ማስታወቂያ የማሽን መርፌ በካርድ አዛ ነበር አይደል? መርፌው አልመጣም አይደል? ያኔ ነው ቁጥሩን የወሰዱት። በስሟ ያዛሉ፤ አንዳንድ ሱቅ ከካርዱ ባለቤት ቤት ውጪ አልልክም ስለሚል እቃው እሷ ዘንድ ይመጣል፤ ከዚያ "በስህተት ነው" ብለው ደውለው መጥተው ይወስዱታል።

"ደውሎልኝ ነበር" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ሰደብኩት።"

"እሰይ! ደግ አደረጉ። ማንም ቢመጣ እንዳይሰጡ። ካርዱን ዘግቼዋለሁ። እቃውን እንደነበረ አሽገው ያስቀምጡ፣ አይጠቀሙበት፤ ለሱቁ አሁን እነግራቸዋለሁ፣ ራሳቸው እቃ አድራሽ ይልካሉ። ሲመለስላቸው ገንዘብዎ ይመለሳል።"

"እንደነበረ?"

"እንደነበረ።"

"ካፖርቱን ቆርጬዋለሁ።"

"ምን አደረጉት?"

"አጠበብኩት። ልኬን አውጥቼ።"

ሠራተኛዋ አፏን በእጇ ያዘች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ እያለቀሰች ነው እንዳይባል ዓይኗ ይስቃል። "ይቅርታ እናቴ። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።" ወደ ሱቁ ደወለች፣ አዳመጠች፣ ስልኩን በእጇ ሸፈነች። "የተበላሸ እቃ አንቀበልም ነው የሚሉት።"

"የተበላሸ? ማን ነው የተበላሸ ያለው? አምጪልኝ እስቲ! የፋብሪካው ስፌት ወላልቆ ነበር፣ እኔ ነኝ ወግ ያስያዝኩት!"

ሠራተኛዋ ይህንን ለሱቁ አላስተላለፈችም። ስልኩን ዘግታ ያለውን መንገድ ነገረቻት። ካፖርቱን ከሌሎቹ ጋር ለእቃ አድራሹ ከሰጠችው ክርክር ይሆናል፤ ይጓተታል እንጂ ልትረታ ትችላለች፣ የሰረቋት እሷን ነውና። ካስቀረችው ግን ገዝታዋለች ማለት ነው፤ ዋጋው እሷ ላይ ይቀራል። ዋጋውን ነገረቻት። በሱሪ ማሳጠር ቢመነዘር የሕንፃውን ኮሪደር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሱሪ የሚያለብስ ዋጋ ነው።

"እሁድ ጠዋት ይመጣሉ። እስከዚያ ያስቡበት" አለች ሠራተኛዋ።

ወደ ቤት ስትመለስ ማስታወቂያ ደረጃው ላይ ያዘቻት። "መጣ እንዴ? መቼ ነው የሚመጣው?"

"ጉንፋን ይዞኛል፣ አትጠጊኝ" ብላ አለፈቻት።

የልጇ ክፍል ገብታ ጫማውን ከአልጋው ሥር አወጣች። ጋዜጣውን መዝዛ አወጣችና በካርቶኑ ከተተችው። ክፍሉ ተጠርጎ፣ አልጋው ተነጥፎ፣ ማንንም አይጠብቅም። ልብሶቹን መልሳ ልትሰቅል አሰበችና አቅሙ አልመጣላትም።

ገንዘቡ አይደለም አንጀቷን የበላው። የካፖርቱ ቁጥር ነው። ያ ሰፊ ትከሻ። "ያኔ ለተዋት እናቱ" ብላ ነበር፤ ለካ ማንም ለማንም አልገዛውም። አንድ ሌባ ያገኘውን ቁጥር ነክቶ ነው። እሷ ደግሞ ከዚያ ቁጥር ውስጥ ልጅ ሰፍታ አወጣች።

ደግሞስ እሱ ለምን "እሺ" አላት? "ካፖርቱ ሞቀሽ?" እያለ በየእሁዱ ሲጠይቅ ምን ብሎ ነው? ለመቀየም ሞከረች። ቅያሜው ግን አልይዝላት አለ፤ ከቅያሜው በላይ ሌላ ፍርሃት ተቀምጦበታል። ሌባው ገንዘቧን ወስዶ እሁድን ሰጥቷታል። ልጁ መደወል የጀመረው በካፖርቱ ነው። ካፖርቱ የሌባ መሆኑን ከነገረችው ያፍራል፤ የሚያፍር ሰው ደግሞ አይደውልም፣ ታውቀዋለች፤ ትንሽ ሆኖ ብርጭቆ የሰበረ ዕለት ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቶ ያመሸ ልጅ ነው። ሊፍት ውስጥ ይገባና በቃ ይቀራል። ዝም ካለችው ግን እሁድ እሁድ "ሞቀኝ፣ ተባረክ" እያለች ትኖራለች። ምን አለበት? ማን ይጎዳል? ከዚህ የባሰ ስንት ውሸት ስንቱን ቤት አቁሞ ይዟል።

እስከ እሁድ ድረስ አንዴ እነግረዋለሁ አንዴ አልነግረውም ስትል ከረመች። ካፖርቱን አልለበሰችውም፤ በሩ ጀርባ ተሰቅሎ በወጣች በገባች ቁጥር ይዳስሳታል።

እሁድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። እቃ አድራሹ ነው፤ ከነራስ ቁሩ።

"እትዬ፣ ያኔ አምጣ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ውሰድ ተባልኩ። ሰው የተላከለትን እቃ የሚመልሰው ከላኪው ሲጣላ ነው፣ እርስዎ ግን ደህና ሰው ይመስላሉ።"

"ግባና አፍህን ይዘህ እዚያ ቁም" አለች። የማዳመጫውን ካርቶን አስረከበችው። የጫማውን አስረከበችው። ሁለቱንም እያገላበጠ ማሸጊያቸውን ሲያይ ስልኩ ጮኸ።

 አነሳችው።

"እማዬ፣ እንዴት አደርሽ?"

"ደህና አደርኩ ልጄ። አንተስ?"

"ደህና። እዚህ ብርዱ አይጣል ነው። እዚያስ? ካፖርቱ ሞቀሽ?"

ዛሬ ገና አጥርታ ሰማችው። "ካፖርቱ" የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርስ ድምፁ እንደሚዘል፤ መሬቱ ይክዳው እንደሆነ እንደሚፈራ ሰው።

"እትዬ" አለ እቃ አድራሹ ቀስ ብሎ፣ "ካፖርት የሚልም አለ። ይሄዳል ወይስ ይቀራል?"

እጇን አንስታ ቆይ አለችው። "ሞቀኝ፣ ተባረክ" የሚለው አፏ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ብትለው እሱም "እሺ እማዬ፣ በይ ቻው" ይላል፤ እስከሚቀጥለው እሁድ። እድሜ ልክ።

"ካፖርቱን አንተ አልላክኸውም" አለች።

 ከወዲያ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ።

"አትዝጋው" አለች ቶሎ ብላ። "ልቆጣህ አይደለም። ሌባ ነው የላከው፣ በኔ ካርድ ገዝቶ። ጫማውንም እሱ ነው። ባንክ ሄጄ ነው ያወቅሁት። አለህ?"

"አለሁ።"

"ታዲያ ለምን እሺ አልከኝ?"

"መጀመሪያ አልሰማሁሽም እማዬ፣ ማሽኑ ይጮህ ነበር። ከዚያ ደግሞ መረቅሽኝ።" ትንፋሹ ይሰማል። "እንደዚያ ስትመርቂኝ... አይ አልላክሁም ልልሽ አፌን ስከፍት አልወጣልኝም። በኋላ እነግራታለሁ አልኩ። በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ጠረጠርኩ።"

"ምን?"

"ሰው ያለሽ መሰለኝ።"

"የምን ሰው?"

"ሰው ነዋ። ካፖርት የሚልክ። ጫማው ከአልጋ ሥር ነው፣ ባለቤቱን ይጠብቃል ስትዪኝማ... ገብቷል ማለት ነው ብዬ..."

ልብስ ሰፊዋ አንዴ "ኧረ በስመአብ!" አለችና ሳቅ አፈናት። ወንበሩን ተደግፋ ሳቀች። ከወዲያም ልጁ መጀመሪያ እየፈራ፣ ከዚያ ለቀቅ አድርጎ ሳቀ። እቃ አድራሹ ምን እንደሆነ ሳያውቅ አብሮ ፈገግ አለ።

ሳቁ አለቀ። 

"አፈርኩ እማዬ" አለ ልጁ።

"እፈር። ግን ስልኩን ይዘህ እፈር።"

"እትዬ፣" አለ እቃ አድራሹ፣ "ሌላም ቤት አለብኝ። ካፖርቱን ልውሰደው?"

በሩ ጀርባ ወደተሰቀለው ካፖርት አየች። ትከሻውን አየች፤ የእሷ ትከሻ ነው፣ የአሁኑ። ያንን ሁሉ ሱሪ በዓይነ ሕሊናዋ አሳጠረችው።

"ይቀራል" አለች። "የኔ ነው። ለራሴ ገዝቼዋለሁ። ባንኩም ሱቁም እንደዚያ ብለው ይጻፉ።"

እቃ አድራሹ ካርቶኖቹን አንስቶ ወጣ። የሞተሩ ድምፅ ከደረጃው ሥር ተነስቶ ራቀ። ስልኩ ጆሮዋ ላይ ነው፤ አልተዘጋም። 

"እማዬ" አለ ልጁ።

"ወይ።"

"ቀለሙ ምንድን ነው?"

"የምኑ?"

"የካፖርቱ። እስከ ዛሬ ሞቀሽ ወይ እያልኩ... ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው እንኳ አላውቅም።"

ልብስ ሰፊዋ ልትመልስ አፏን ከፈተችና ተወችው። ካፖርቱ በተሰቀለበት በበሩ ጀርባ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ቀለሙን በትክክል መናገር አይቻልም፤ በግምት ደግሞ መንገር አልፈለገችም።

"ጠብቀኝ፣ በብርሃን ልየው" አለችው፤ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ይዛ ካፖርቱን አወረደችና ወደ መስኮቱ ሄደች።